ሳይበላ የተቀመጠ እርዳታ፦ ቱቫሉና እኛ

ሜልቦርን ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ውጭ እርዳታ የሚሰማው ክርክር ከአገር ቤቱ የተለየ ነው። በተቀባይነት ያደግንበትን ጉዳይ እዚህ የምንሰማው ከሰጪው ወገን ነው፤ ግብር ከፋዩ ገንዘቤ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል፣ መንግሥትም የፓስፊክ ጎረቤቶቻችን ደኅንነት የእኛም ደኅንነት ነው ብሎ ይመልሳል። በዚህ ክርክር ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው ቱቫሉ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ ወደ 11,000 ሰዎች የሚኖሩባት፣ በሕዝብ ብዛት ከአንድ የአዲስ አበባ ወረዳ የምታንስ የፓስፊክ ደሴቶች አገር ናት። ወንዝ የላትም፤ ሕዝቧ የሚጠጣው ከቤት ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናቡ ሲጠፋ ውሃ በራሽን ይታደል ነበር፤ የባሕር ውሃ የሚያጣሩ መሣሪያዎችም ከጎረቤት አገሮች ተጭነው ደረሱላት።

እንዲህ ያለች አገር ያለ እርዳታ መቆም አትችልም። ትኩረቴን የሳበው እርዳታውን የተቀበለችበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ነጻ ከወጣች በኋላ የበጀት ጉድለቷን የምትሞላው የብሪታንያን እጅ እያየች ነበር። በ1987 ግን አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ብሪታንያ፣ ከቱቫሉ ከራሷ መዋጮ ጋር፣ 27 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል አዋጥተው አንድ የአደራ ፈንድ አቋቋሙ። ዋናው ገንዘብ አይነካም። በዓለም ገበያ ይሠራበታል፤ የዋጋ ንረቱ ተሰልቶ ዋናው ዋጋውን ጠብቆ ከተገኘ ትርፉ ለመንግሥት ይተላለፋል፣ ገበያው በወደቀበት ዓመት ደግሞ ምንም አይወጣም። ላሟን ሳያርዱ ወተቷን መጠጣት ማለት ነው። መንግሥቱ ራሱ ሲሞላለት ከዓመት ዓመት እየጨመረበት፣ ፈንዱ ዛሬ ከመነሻው በብዙ እጥፍ አድጓል።

ይህን ሳነብ በሰሜን ሸዋ፣ በአባቴ አገር ያየሁት የእጅ ፓምፕ በዓይኔ ላይ ይመጣል። የለጋሹ ድርጅት ሰሌዳ ቀለሙ ሳይለቅ ቆሟል፤ የፓምፑ እጀታ ግን ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ቀድሞው ምንጭ ይወርዳሉ። የውሃ ኮሚቴው ከየቤቱ የሰበሰባት ሳንቲም ለመለዋወጫው አትበቃም፤ ፕሮጀክቱ ስለተዘጋም የሚጠየቅ አካል የለም። ለጋሹ ቁፋሮውን በሙሉ ልብ እንደሠራ አልጠራጠርም። ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ ግን ከመጀመሪያውም በማንም በጀት ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ባቋረጠች ጊዜ ይኸው ነገር በአገር ደረጃ ታየ፤ ደመወዛቸው በዚያ ገንዘብ የሚከፈል በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። አንድ የጤና ሠራተኛ ሥራው የሚቀጥል መሆን አለመሆኑን ከዋሽንግተን በሚወጣ ትእዛዝ ማወቁ በጣም ያሳዝነኛል።

ቱቫሉም ብትሆን ከዚህ ሁሉ አልዳነችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የአሜሪካ ጦር በዋናዋ ደሴት በፉናፉቲ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ አፈሩንና ኮራሉን (ደሴቲቱ የቆመችበትን የባሕር ድንጋይ) ከዚያው ከደሴቲቱ ቆፍሮ ወሰደ። ጉድጓዶቹ የባሕር ውሃና ቆሻሻ ተሞልተው፣ ድሆች በጠርዛቸው ላይ ቤት ቀልሰው፣ ከሰባ ዓመት በላይ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሞሉት በኒውዚላንድ ገንዘብ ነው። ይህ በእርዳታ ስም ይመዝገብ እንጂ በእኔ ዕይታ ዘግይቶ የተከፈለ ካሳ ነው፤ ቱቫሉን ሊውጣት የተቃረበው የባሕር ከፍታ ላይም የማስበው ይህንኑ ነው፣ የከባቢ አየሩን የበከሉት እነዚህ ዓሣ አጥማጆች አይደሉምና።

ከአውስትራሊያ ጋር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የተፈረመው የፋሌፒሊ ውል ደግሞ የእርዳታን ዋጋ በግልጽ ያሳያል። በየዓመቱ 280 ቱቫሉያውያን በአውስትራሊያ የመኖር ፈቃድ ያገኛሉ፣ አደጋ ሲደርስም አውስትራሊያ ትደርሳለች። በምላሹ ቱቫሉ ከሌላ አገር ጋር በመከላከያ፣ በፖሊስ፣ በወደብና በቴሌኮም ጉዳይ ስትዋዋል የአውስትራሊያን ስምምነት ማግኘት አለባት። በ2025 የመጀመሪያው የፈቃድ ዕጣ ሲከፈት ቤተሰብ ጨምሮ ከ8,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው እንደመሆኔ እነዚያን ተመዝጋቢዎች ልወቅሳቸው አልችልም፤ የውሉ ሸክም ግን ከባድ ነው እላለሁ። ቢያንስ ሁኔታው በጽሑፍ ሰፍሮ ማንም እንዲያነበው ተደርጓል።

አንድ መቶ ሃያ ሚሊዮን የሚሻገር ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ መላ በጀቷን በእንዲህ ያለ ፈንድ ልትሸፍን አትችልም። በአነስተኛ ደረጃ ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዳያስፖራው የቀረበው የቀን አንድ ዶላር ጥሪ የአደራ ፈንድ የሚል ስም ነበረው፤ አሠራሩ ግን የተሰበሰበውን ለፕሮጀክት መስጠት ነበር። በየከተማው የእራት ግብዣ አዘጋጅተን ለትውልድ ቀዬአችን ክሊኒክ የምንሠራ የልማት ማኅበራትም ገንዘባችንን ሁሉ በግንቡ ላይ እንጨርሳለን። ከሚዋጣው ላይ ሩቡ ተነሥቶ ሳይነካ ቢቀመጥ፣ የመድኃኒቱና የጥገናው ወጪ ከትርፉ ሊወጣ ይችላል። በብር ከተቀመጠ ግን አያዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ከ80 ብር አልፏል። ለዳያስፖራው የተፈቀደው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ለዚህ ይሆን እንደሆነ ማኅበራቱ ባንኮቹን ሊጠይቁ ይገባል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበትም የክሊኒኩ መሠረት ከመጣሉ በፊት ነው።