ትራመልን አስገብቶ ዊተከርን ማስቀረት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የአሜሪካ ቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የሆል ኦፍ ፌም ኮሚቴ በዲሴምበር 2025 የቀድሞውን ተጫዋች ጄፍ ኬንትን መረጠ። ከ16 ድምፅ 14ቱን አገኘ። ይሁን፣ 377 ሆም ረን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳ ውጭ አሻግሮ መምታት፣ ቀልድ አይደለም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከስምንቱ ዕጩዎች መካከል የሌላው የቀድሞ ተጫዋች፣ የሉ ዊተከር ስም የለም። ተወዳድሮ ቢሸነፍ አንድ ነገር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ እንኳ አላስገቡትም! ኬንትም ዊተከርም የተጫወቱት ሁለተኛ ቤዝን፣ ማለትም ሯጮች ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ሁለተኛውን፣ በመከላከል ነው። የተጫዋች አጠቃላይ ድርሻ በሚለካበት፣ ዋር በሚባለው ስሌት፣ ኬንት 55 አካባቢ ነው። ዊተከር 75 ገደማ።

ተጫዋች መጀመሪያ የሚቀርበው ድምፅ ለሚሰጡ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ነው። ስለዚህ ሁሌ የሚሰጠን መልስ ይሄ ነው፦ «በ2001 ዕድሉን አግኝቶ ነበር፣ ጋዜጠኞቹ አልመረጡትም።» አዎ፣ 15 ድምፅ ብቻ ሰጡት፣ 2.9 በመቶ። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ይሰረዛል ተብሎ በመጀመሪያው ዓመት ተጣለ። ታዲያ ኮሚቴው የተቋቋመው ጋዜጠኞቹ የሳቱትን ሊያይ አይደለም እንዴ? ይግባኝ ሰሚ ዳኛ «ታች ተፈርዶብሃል» ብሎ ሰው ይመልሳል? ራሱን ኬንትንም እኮ ጋዜጠኞቹ አሥር ዓመት ሙሉ አልመረጡትም።

ከሁሉ በላይ የማይዋጥልኝ ግን የአለን ትራመል ጉዳይ ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከለው፣ ሾርትስቶፑ ትራመልና ዊተከር በ1977 ለዲትሮይት ታይገርስ ክለብ በአንድ ቀን ጀመሩ። 1,918 ጨዋታ አብረው ተሰለፉ። ከሁለቱ ዋና ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ታሪክ ይህን ያህል አብሮ የተጫወተ ጥንድ የለም። በ1984 የሻምፒዮናውን ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስን አብረው አሸነፉ። ደብል ፕሌያቸውን፣ በአንድ ኳስ ሁለት ተጋጣሚ ከጨዋታ ማስወጣታቸውን፣ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ትራመል ትመጣለች። አፈፍ አድርጎ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይለቃታል። ዊተከር እየሮጠ ይደርሳል፣ ይቀበላል፣ ቤዙን ይረግጣል። እግሩን ሊጠልፍ የሚንሸራተተውን ሯጭ ዘሎ፣ አየር ላይ እንዳለ ወደ መጀመሪያ ቤዝ ይወረውራል። ሁለት ሰው አውት! ትራመልን በ2018 አስገቡት። ደግ አደረጉ። ግን ለማን ነበር የሚወረውረው? ግማሹን ደብል ፕሌይ አክብሮ ግማሹን መጣል እንዴት ይቻላል? በዱላውም ቢሆን ዊተከር አያንስም። ትራመል 2,365 ሂት፣ ማለትም ቤዝ ያስያዘው ምት፣ አለው፣ ዊተከር 2,369። ሆም ረን ደግሞ 185 ለ244። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ዊተከር ዝምተኛ ነበር፣ ራሱን ለጋዜጠኛ አይሸጥም ነበር። እኔ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ኮሚቴው ዕጩዎችን በዘመን ከፍሎ በተራ ነው የሚያየው። የዊተከር ዘመን ተጫዋቾች ተራ እንደገና የሚደርሰው በ2028 መጨረሻ ነው። ዊተከር ያኔ 71 ዓመቱ ነው። ሌላው ተጫዋች ዲክ አለን የተመረጠው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ተጫዋቹ ዴቭ ፓርከር ደግሞ ተመርጦ፣ ሥነ ሥርዓቱ አንድ ወር ሲቀረው አረፈ። ለዊተከርም ይሄን ነው የምትጠብቁት? የ2028ን ዝርዝር የምታወጡ ሰዎች፣ መጀመሪያ የምትጽፉት ስም የሱ ይሁን።