ዳታቤዙን ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

አፑ "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልቻልኩም" ሲል መጀመሪያ የሚደረገውን የአይቲ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሪስታርት። ደግሞ ይሠራል! ችግሩም እሱ ነው። ስለሚሠራ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። በሳምንቱ ሲመለስ ያው ሪስታርት፣ ያው ቴሌግራም ላይ "ተስተካክሏል" የሚል መልእክት። እኔ ሪስታርትን አልጠላም። ደንበኛ እየጠበቀ ከሆነ አድርጉት። ግን ማስረጃውንም አብራችሁ እንደምታጠፉት እወቁ። ቢያንስ ሎጉን (ሲስተሙ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ኮፒ አድርጉ፣ በዚያ ሰዓት ስንት ኮኔክሽን፣ ማለትም ከአፑ ወደ ዳታቤዙ የተዘረጋ መስመር፣ ክፍት እንደነበረ ያዙ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ።

ኤረሩን ደግሞ አንብቡት። ብዙ ሰው ቀይ ጽሑፍ ሲያይ አያነበውም፣ ስክሪንሾት አንስቶ ይልከዋል። "ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ" ካለ ብዙ ጊዜ ጥያቄያችሁ ማሽኑ ጋ ደርሷል፣ በዚያ ፖርት (ዳታቤዙ ጥያቄ የሚቀበልበት የበር ቁጥር) የሚያዳምጥ ግን የለም። ወይ ዳታቤዙ ቆሟል፣ ወይ ፖርቱን ተሳስታችኋል። ከታወቁት ዳታቤዞች የፖስትግሬስ 5432 ነው፣ የማይኤስኪውኤል 3306። "ታይምድ አውት" ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ የሚመልስ ሰው ጠፍቷል፤ ክላውድ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓኬቱን (የተላከውን ዳታ) ዝም ብሎ የሚጥለው ፋየርዎል ወይም ሴኪዩሪቲ ግሩፕ፣ ማለትም ማን እንደሚገባ የሚወስነው ዘበኛ ነው። ስለ ፓስወርድ የሚያወራ ኤረር ከመጣ ኔትወርኩን ተዉት፣ እሱ ሥራውን ጨርሷል።

እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። የሚያናድደው ሲሠራ ቆይቶ የሚቋረጠው ነው።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ሠራተኛ ሲስተሙን ሲከፍት ኤረር ይቀበለዋል። ሁለተኛው ሲሞክር ይሠራል፣ "እኔ ጋ እኮ ይከፍታል" ይባላል፣ ነገሩም ይረሳል። ማይኤስኪውኤል ካልቀየራችሁት በስተቀር ለ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት ምንም ያልተጠየቀበትን ኮኔክሽን ራሱ ይዘጋዋል። በመሃል ያለፈው 15 ሰዓት ነው። አፑ ግን ትናንት የከፈተውን ኮኔክሽን እንደያዘ ነው፤ ስልኩ መቋረጡን ሳያውቅ ወሬውን እንደሚቀጥል ሰው።

8 ሰዓት እንኳን ደግ ነው። በአፑና በዳታቤዙ መሃል ያሉት መሣሪያዎች እንደዚህ አይታገሡም። ከውስጥ ኔትወርክ ወደ ውጭ የሚያሻግረው የአማዞን ናት ጌትዌይ ለ350 ሰከንድ ምንም ያላለፈበትን ኮኔክሽን ይረሳዋል። ጥያቄዎችን ለብዙ ማሽኖች የሚያከፋፍለው የአዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ሎድ ባላንሰር ካልነካችሁት 4 ደቂቃ ነው የሚጠብቀው፣ የጉግል ክላውድ ፋየርዎል 10 ደቂቃ። ሲረሱም ለአንዱም ወገን አይናገሩም። ሊኑክስ "አለህ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅበት ኪፕአላይቭ የሚባል ነገር አለው። ነገር ግን አፑ ካላበራው አይሠራም፣ ቢበራም ካልቀየራችሁት የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7,200 ሰከንድ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት! በ4 ደቂቃ የሞተን ነገር በሁለት ሰዓቱ ደህና ነህ ወይ ማለት ምን ይባላል?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከአፑ እስከ ዳታቤዙ ባለው መንገድ ላይ አጭሩ የትዕግሥት ጊዜ የቱ እንደሆነ ፈልጉ። ኪፕአላይቩን ከዚያ በታች አድርጉት፣ ሁለት ደቂቃ ለብዙዎቹ ይበቃል። የኮኔክሽን ፑሉም (ክፍት ኮኔክሽኖችን ይዞ ለአፑ የሚያውሰው) ኮኔክሽን ከመስጠቱ በፊት ሕያው መሆኑን ይፈትሽ። ጃቫ ላይ ሂካሪ የሚባለውን ፑል የምትጠቀሙ ሰዎች የአንድ ኮኔክሽን ዕድሜ በራሱ 30 ደቂቃ ስለሆነ "እሱ ይጠብቀናል" እንዳትሉ፤ በ4 ደቂቃ ለሚሞተው አይደርስለትም።

ሌላው የችኮላ ጥገና የኮኔክሽን ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ነው። ይሄን አልወደውም። ፖስትግሬስ ካልቀየራችሁት 100 ይፈቅዳል፣ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ደግሞ የራሱን ፕሮሰስ (ሜሞሪ የሚበላ ሥራ) ይከፍታል። አፑ በ10 ኮፒ ቢሠራና እያንዳንዱ 20 የሚይዝ ፑል ቢኖረው 200 ነው። ሰው ሲበዛ ክላውዱ ተጨማሪ ኮፒ ያስነሣል፣ አዲሶቹም ኮኔክሽን ይጠይቃሉ፣ እና ሊያግዙ የመጡት ናቸው ዳታቤዙን የሚዘጉት። ፑሉን አሳንሱ፣ ወይም መሃል ላይ ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙዎች የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር አስቀምጡ፣ ወይም ኮዱ ውስጥ ኮኔክሽን ወስዶ የማይመልሰውን ቦታ ፈልጉ። የመጨረሻው አሰልቺ ነው፣ ለዚህም ነው ሁሉም ቁጥሩን መጨመር የሚመርጠው።

ዳታቤዙ ምንም ሳይሆን የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የሰሜን ቨርጂኒያው የአማዞን ሪጅን (የክላውዱ ዳታ ማዕከላት ስብስብ) ሲታመም እነ ስናፕቻትና ሲግናል ሳይቀሩ ተቋርጠው ነበር። መነሻው ዳይናሞዲቢ የተባለው የአማዞን ዳታቤዝ የሚገኝበት የዲኤንኤስ አድራሻ ነው (ዲኤንኤስ ስምን ወደ አይፒ ቁጥር የሚቀይረው መዝገብ ነው)፤ አድራሻውን የሚያድሰው አውቶማቲክ ሲስተም ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተጋጭተው መዝገቡ ባዶ ሆነ። ስሙ አለ፣ የሚወስድበት ቦታ ግን የለም። ስለዚህ ስሙን ፈትሹ፣ ያውም ከላፕቶፓችሁ ሳይሆን አፑ ከሚሠራበት ማሽን ላይ ሆናችሁ። ዋናው ዳታቤዝ ወድቆ ተጠባባቂው ሲተካም ስሙ ያው ሆኖ አይፒው ሊቀየር ይችላል። አሮጌውን አይፒ ይዞ የቀረ አፕ ሌላው ሁሉ ተመልሶ እሱ ብቻ ሲያለቅስ ታገኙታላችሁ።

"ሪትራይ እናድርግ"፣ ማለትም አፑ በራሱ ደግሞ ይሞክር፣ የሚሉም አሉ። ጥሩ፣ ግን ሁሉም ኮፒ በአንድ ሰከንድ ተንጋግቶ እንዳይሞክር መጠበቂያው እየረዘመና እየተለያየ ይሂድ፤ አለዚያ ገና የተነሣውን ዳታቤዝ መልሳችሁ ትጥሉታላችሁ። ገንዘብ ላይ ደግሞ ከዚህም የባሰ አለ። ኮኔክሽኑ የተቋረጠው "ኮሚት" (መዝግበው የሚለው ትእዛዝ) ከተላከ በኋላ ከሆነ ክፍያው ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም የሚለውን አፑ ከተቋረጠው ኮኔክሽን ሊያውቅ አይችልም። ዝም ብሎ ከደገመ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። አፑ ለእያንዳንዱ ክፍያ ከመላኩ በፊት መለያ ቁጥር ይስጠው፣ ዳታቤዙም ያንን ቁጥር ሁለት ጊዜ አልቀበልም የሚል ዩኒክ ገደብ ይኑረው። ያኔ ሁለተኛው ሙከራ ሲመጣ የመጀመሪያው አልፎ ከሆነ ዳታቤዙ ይመልሰዋል፣ አፑም ያንን እንደ ኤረር ሳይሆን "ተከፍሏል" ብሎ ለደንበኛው ያሳየዋል።