ማስተካከያ፦ ኢራስመስ ፕላስ ለመምህራን ብቻ አይደለም
ባለፈው ስለ ኢራስመስ ፕላስ፣ ማለትም የአውሮፓ ኅብረት ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ አገር ተቋም ስለሚልክበት የልውውጥ ፕሮግራም ስጽፍ፣ ከዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች መሄድ የሚችሉት መምህራን ብቻ ናቸው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የአውሮፓ ኮሚሽን የሚያወጣው የፕሮግራሙ መመሪያ እንደሚለው የአስተዳደር ሠራተኞችም ለሥልጠና መሄድ ይችላሉ፤ የሬጅስትራሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የአይቲው ሠራተኛ ሁሉ ማለት ነው። በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ማስተማር የሚለው ግዴታም ለማስተማር የሚሄዱትን እንጂ ለሥልጠና የሚሄዱትን አይመለከትም። ስለ ተማሪዎች ያልኩት፣ ለትምህርት ከ2 እስከ 12 ወር ሄደው መቆየት ይችላሉ የሚለው፣ ልክ ነው።

በእኔ ጽሑፍ ምክንያት "ይሄ ለኔ አይሆንም" ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ከልብ ይቅርታ። አሁንም የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ግንኙነት ቢሮ ጠይቁ፤ ከተቀባዩ ተቋም ጋር ስምምነት መኖሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ማመልከቻውም በእነሱ በኩል ነው የሚሄደው። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ።