ኧረ ምርቃቱን አታቋርጡ!

የዘንድሮ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ነገር አንገፍግፎኛል። ዛሬ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

እህቴን ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ዳርን። ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል አያታችን እጃቸውን ዘርግተው "ውለጂ፣ ክበጂ" ብለው ጀመሩ። ይሄኔ ቪዲዮ አንሺው "አንዴ! አንዴ ቆዩ! መብራቱ አልተስተካከለም" አለ። ሽማግሌው ከአፋቸው ተነጥቀው ዝም አሉ። ሙሽራዋን ወደ በሩ መልሶ እንደገና አስገባት። "ቀስ በይ፣ ስሎው ሞሽን ነው" ይላታል ደግሞ! ጎበዝ፣ ምርቃት ይደገማል እንዴ? በሁለተኛው ላይ አያታችን "በሉ አሜን በሉ" ብለው ተቀመጡ። ቪዲዮው ላይ ያለው እሱ ነው። እሱንም ድምፁን አጥፍቶ ሙዚቃ ጭኖበታል።

በፊልሙ ዘመን አንዱ ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶ ነበር። ፎቶ አንሺው ስለሚቆጥብ "የእናት ወገን ኑ! የአባት ወገን! ሚዜዎች!" እያለ ዳስ ለዳስ ይጣራል። ሰው ነጠላውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚስቅ ባይኖርም የሚቀር የለም። ዛሬ በሕይወት የሌሉ ዘመዶቼን የማያቸው በእናቴ የሠርግ አልበም ላይ ብቻ ነው። አሁን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይነሳና አልበሙ ሲመጣ ሁለቱ ሙሽሮች ብቻ! ጀርባቸው፣ ጫማቸው፣ ቀለበታቸው። ጠላውን ስትጠነስስ፣ እንጀራውን ስትጋግር የሰነበተችው አክስቴ አንድም ቦታ የለችም።

ፕሪ ዌዲንግ የሚሉት የቅድመ ሠርግ ፎቶ ነገርማ አይነሳ። ከማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሠርጉ በተበደሩት ብር መኪናና ቬሎ ተከራይተው ጢስ ዓባይ ድረስ ሄዱ። በበጋ ውኃው ይቀንሳል፤ ከዚያም ላይ ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል። ታዲያ ምን አደረጉ? የክረምቱን ፏፏቴ በኮምፒውተር ለጠፉበት። የእህቴን ፊት አነጡት፣ የቀሚሷን ጥልፍ ደግሞ ፋሽን ነው ብለው ቡናማ ቀለም ደፉበት። እናቴ ፎቶውን አይታ "ይቺ ማናት?" አለች።

ልጆቹ ሙያ የላቸውም አልልም። ማታ ዳሱ ውስጥ እስክስታው ሲደራ ፎቶ አንሺው ማንም ሳያየው ያነሳው አንድ ፎቶ አለ፤ የአባቴ ትከሻ፣ የጎረቤቶቻችን ጭብጨባ፣ ሁሉም አለበት። እንዲህ ማንሳት እየቻለ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስተካክል መዋሉ ነው የሚያናድደኝ። የቀረውን ጥሬ ፎቶ ስጠን ብንለው "ሜሞሪው ሞልቶ አጥፍተነዋል" አለን።

ከፋሲካ በኋላ የምትድሩ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ላይ አስገቡ። ምርቃቱ ሳይቋረጥ ከነድምፁ ይቀዳ። የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ተሰብስቦ ይነሳ። ያልተነካካው ፎቶ በሙሉ በፍላሽ ይሰጣችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።