ልብ ስትልኩ ቃል ጨምሩበት

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነበር። ከጎኔ ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። አንደኛዋ «ቀይ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቢጫ ነው እኮ» ትላለች። ጓደኛዋ «ቢጫም ቢሆን ልብ ነው» ብላ ታጽናናታለች። ጠረጴዛዎቹ የተቀራረቡ ስለነበሩ ሁሉንም ሰማሁ። ልጅቷ ከአንድ ልጅ ጋር ማውራት ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል። በመጨረሻ ደፍራ «እኔና አንተ ግን ምንድን ነን?» ብላ ጻፈችለት። የመለሰላት አንዲት ቢጫ ልብ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም። ማኪያቶዋ ፊቷ እንደተቀመጠ በረደ።

ቤቴ እስክደርስ ከአእምሮዬ አልወጣችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ለዚያ ሁሉ ድፍረት የተሰጣት መልስ ሊፈታ የማይችል እንቆቅልሽ ነው።

ይህን ስል ኢሞጂ የሚባለውን የስልክ ሥዕል ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከሌላው የበለጠ የሚያስፈልገን ይመስለኛል። «እሺ»ን ብቻ ውሰዱ። ጎተት ተደርጎ ሲባል «ደስ ይለኛል» ነው። ቁርጥ ተደርጎ ሲባል «በቃ ተወኝ» ነው። ለእናት የሚባለው «እሺ» ሌላ ነው፤ ለደላላ የሚባለው ሌላ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ቃልም አናወጣም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ያ «አዎ» ነው። ቅንድባችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ያም «አዎ» ነው። ስልክ ላይ ግን ትንፋሽም ቅንድብም የለም። «እሺ» ብቻዋን ትመጣለች። ተቀባዩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ተናዳ ይሆን ወይስ ደክሟት ይሆን እያለ ያድራል።

በዚያ ላይ ብዙዎቻችን የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አናባቢ እየዘለልን፣ «ተ»ንና «ጠ»ን በአንድ ፊደል እየጻፍን። በእንዲህ ያለ አጻጻፍ ፍቅር ማውራት ከባድ ነው። ከ«እሺ» ኋላ አንዲት ፈገግ ያለች ፊት ስትመጣ ግን ነገሩ ይቀላል። ያቺ ትንሽ ፊት የጠፋውን ድምፅ ትመልሳለች። ስለዚህ ላኩ እላለሁ። ሳትሳቀቁ ላኩ።

ወንዶቻችን ይህን ለመቀበል ይቸገራሉ። «ወንድ ልጅ ልብ አይልክም» የሚል ነገር አለ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ለሚወዳት ልጅ ልብ ጽፎ፣ ደምስሶ፣ በምትኩ አውራ ጣት ሲልክ አይቻለሁ። «ሙድ ትይዝብኛለች ብዬ ነው» አለኝ። አሳዘነኝ። እሷ በዚያ ሰዓት ያቺን አውራ ጣት እያየች «ይሄ ሰው አይፈልገኝም» ብላ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2019 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የአሜሪካ ላጤዎችን ጠይቆ ነበር። ኢሞጂ አዘውትረው የሚልኩት ሰዎች የመጀመሪያ ቀጠሮ በብዛት እንዳገኙ አሳይቷል። ቀጠሮውን ያመጣው ሥዕሉ ነው ማለት አይደለም። እኔ ግን ስሜቱን ለማሳየት የማይሰስት ሰው ሰው ይቀርበዋል ብዬ አነበዋለሁ። ይህ ደግሞ አራት ኪሎም ያው ነው።

ኢሞጂ ከጃፓን ነው የመጣው። ስሙም የጃፓን ነው። «ኢ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ፊደል ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1999 ሺጌታካ ኩሪታ የሚባል የዶኮሞ ስልክ ኩባንያ ሠራተኛ 176 ጥቃቅን ሥዕሎችን አዘጋጀ። ልብም የተሰበረ ልብም ነበረባቸው። ከዚያ በፊት የኩባንያው ፔጀር፣ ማለትም ትንሿ የመልዕክት መቀበያ ላይ፣ የልብ ምልክት ነበረ። ከአዲሱ ፔጀር ላይ ሲያስቀሩት ወጣት ደንበኞች ተቆጡ። ኩሪታ የልብን ዋጋ ያወቀው ከዚያ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው በ1999 ሞባይል ስልክ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት ዩኒኮድ ውስጥ ተካተተ። ኢሞጂ እዚያ በስብስብ የገባው በ2010 ነው። በዚህ ቤት ፊደላችን የ11 ዓመት ታላቅ ነው። ታዲያ ታላቁ ተቀምጦ ታናሹ ብቻ የሚያወራበት ምክንያት አይታየኝም።

የአጎቴ ልጅ ሚስቱን የተዋወቃት ከምርጫ 97 በኋላ የአጭር መልዕክት አገልግሎት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። መዘጋቱ እስከ ሚሊኒየሙ መግቢያ ቆይቷል። መደወል ውድ ነበር። ስለዚህ በሚስኮል ይግባቡ ነበር። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደርሻለሁ»። ሁለቴ ከሆነ «ውጪ፣ በር ላይ ነኝ»። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የምትመጣው አንዷ ጥሪ ደግሞ «ደህና እደሪ» ነበረች። ዛሬም ስለዚያች ጥሪ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። አንድ ቀን «እንዴት ሳትሳሳቱ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምን ያሳስተናል? ቁጭ ብለን ተስማምተን እኮ ነው» አለኝ። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ነበራቸው። የምልክቱን ትርጉም የወሰኑት እዚያ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ቁምነገር የሚያወሩትም እዚያ ነበር። ሚስኮሏ የምታገለግለው በመሀል ላለው ጊዜ ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ይህ ስምምነት ነው። ለቢጫ ልብ ትርጉም ያወጣላት ማን ነው? አንዷ ለጓደኝነት ናት ትላለች። ሌላው እጁ ያገኛትን ነው የላከው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 አንድ ነገር አሳይተው ነበር። ሰዎች ያንኑ አንድ ሥዕል እያዩ እንኳ ስሜቱ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ወይስ ከሁለቱም ውጪ በሚለው ላይ 25 በመቶ ያህል ጊዜ አልተስማሙም። ከአራት አንዴ ማለት ነው። ስልኩ ሲለያይ ሥዕሉም መልኩን ይለውጣል። የኔ ቴክኖ ላይ ያለችው ፊት የእሱ አይፎን ላይ ሌላ ፊት ሆና ልትታይ ትችላለች።

ያ የአጎቴ ልጅ ኬክ ቤት ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከነሰፈሩ ሄዷል። ከፒያሳም ከካዛንቺስም ብዙ ሰው ወደ ከተማዋ ዳር ተነሥቷል። በእግር አሥር ደቂቃ ይራራቁ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ለመገናኘት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ድሮ ኬክ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ይባል የነበረው ነገር ስልክ ላይ እየተባለ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ የምንጽፈው ድሮ ከነበረው በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እኔም የደረሰብኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሠርግ ላይ ከተዋወቅሁት ሰው ጋር ሦስት ሳምንት በቴሌግራም አወራን። ደስ የሚል ሰው ነበር። አንድ ማለዳ ያሳደገችኝ አክስቴ አረፈች። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ሳለ «አክስቴ አረፈች» ብዬ ጻፍኩለት። የሚያለቅስ ፊትና ሁለት የተጋጠሙ እጆች ላከልኝ። ጠበቅሁ። ሌላ አልመጣም። በዚያ ቀን የሰፈራችን ሊስትሮ እንኳ ሳጥኑን አስቀምጦ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎኛል። እሱ ግን «ነፍስ ይማር» አላለኝም። ሁለት ቃል ናት። እኛ አገር ለቅሶ ላይ አዲስ ነገር መናገር አይጠበቅብህም። ቃሉ አባቶቻችን የተዉልን ነው፤ አንተ አፍህን መክፈት ብቻ ነው። ያንን የነፈገኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አልመለስኩለትም።

ከወራት በኋላ ሁለታችንንም በሚያውቅ ሰው በኩል ሰማሁ። «ለቅሶ ላይ ናት፣ በመልዕክት አላስቸግራት» ብሎ ነበር። የተጋጠሙት እጆች ለእሱ ጸሎት ናቸው። እኔ ቢሮ ውስጥ የምጠቀምባቸው ግን ለ«አመሰግናለሁ» ነው። መርዶዬን ነግሬው ያመሰገነኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። እሱ ሁለት ቃል ቢጨምር፣ እኔም «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ አይቆምም ነበር። አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ካዛንቺስ አካባቢ የምትሠራ ጓደኛዬ አንድ ልጅ በሚልክላት ቀልድ እየሳቀች ልብ ትልክለት ነበር። ሁለተኛ ቀጠሯቸው ላይ ቤቱ እንድትሄድ ጠየቃት። አይሆንም አለች። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ልብ ለምን ላክሽልኝ?» አላት። እንደ ውል አድርጎ ነው ያሳያት። ደንግጣ በራይድ ወደ ቤቷ ሄደች። ለሁለት ሳምንት ያህል «እኔ ይሆን ያጠፋሁት?» ትለኝ ነበር። አላጠፋሽም። ያኔም ብያታለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ድሮ «ሳቀችልኝ እኮ» ይባል ነበር። አሁን «ልብ ላከችልኝ እኮ» ሆነ። ሳቅ ሳቅ ነው። ልብም ለቀልድ የተላከ ልብ ነው። «እሺ» ማለት የምትፈልግ ሴት «እሺ» የምትልበት አፍ አላት። «አይሆንም» ስትልም ያ ቃል ከዚያ በፊት ከተላኩ ልቦች ሁሉ ይበልጣል።

በጥምቀት ጃን ሜዳ ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። ሎሚው የመጀመሪያው ምልክት ነው። የወረወረው ልጅ ግን ከሎሚው ኋላ ቆሞ ይታያል። ፊቱ ይታያል። ቀጥሎ ቀርቦ መናገር ይጠበቅበታል። ሎሚው ደረቷ ላይ ስላረፈ ብቻም የእሱ አትሆንም፤ ዞር ብላ መሄድ ትችላለች። ኢሞጂም እንዲህ ቢሆንልን እወዳለሁ። ይወርወር። የወረወረውም ይታይ፣ ቀርቦም ይናገር። የተወረወረለትም ነፃ ይሁን።

ቃሉ ደግሞ አልጠፋብንም። አማርኛ ግሱ ውስጥ ራሱ «አንቺ» የሚል አለው። ከቀጠሮ በኋላ ማታ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ «ደረስሽ?» የምትል መልዕክት ስትመጣ ምን እንደሚሰማሽ ታውቂያለሽ። አንድ ቃል ናት። የምትጠይቀው አንቺን ብቻ ነው፤ ለማንም ልትላክ አትችልም። ከኋላዋ ቀይ ልብ ብትከተል ደግሞ እሰየው።

ቢጫዋን ልብ የላክህ ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ አንድ ነገር ልለምንህ። ልጅቷን የማትፈልጋት ከሆነ በቃል ንገራት፤ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። የምትፈልጋት ከሆነም በቃል ንገራት። ማኪያቶዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀምስ ነው የወጣችው። ደውልላት።