«ያመመው ራሱ ይሄዳል» የሚሉን ሰዎች ግላኮማን አያውቁትም

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከዓመታዊው የጤና ምርመራ ላይ የዓይን ምርመራን ሰርዟል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ለምን ብለን ጠየቅን። አንድ ኃላፊ ማይኩን ተቀበሉና «ዓይኑን ያመመው ሰው ራሱ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ጤነኛ ሰው ማሰለፍ ጊዜ ማባከን ነው» አሉ። ንግግሩ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ደሜን ያፈላው «ልክ ነው» እያለ ራሱን የሚነቀንቀው ሰው ብዛት ነው።

ያመመው ይሄዳል። እሺ፣ ያላመመውስ? የዓይንን ነርቭ እየጎዳ እይታን የሚያጠፋው ግላኮማ እኮ አያምም! በብዛት የሚታየው ዓይነት ዓይን አያቀላም፣ አያሳክክም፣ አያስለቅስም። ድንገት የሚነሳ ሌላ ዓይነት አለ። ዓይኑ ይቀላል፣ ሕመሙ አያስቀምጥም፣ ያቅለሸልሻል፣ አምፖል ዙሪያ ቀለማት ያሳያል። እሱ የያዘው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት፤ ይሮጣልም። አብዛኛው ታማሚ ግን የሚያስሮጠው ነገር የለም። ኃላፊው የጠሩት ያንን ጥቂት ሰው ነው። ብዙኃኑን ረሱት።

ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ እየመነጨ የሚፈስ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም፤ ውስጥ ያለ ነው። መውጫው በደንብ ካላሳለፈው ግፊቱ ይጨምራል። ከዓይን ጀርባ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ግፊቱ የሚጎዳው እነዚህን ክሮች ነው፤ በግላኮማ የሚሞቱትም እነሱ ናቸው። የሞተው ክር አይተካም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የሚጠብቁት የተረፈውን ብቻ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ሰውየውም እንደገና ያያል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን ጠፋ፣ አለቀ።

ታዲያ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ እንዴት አያውቅም? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! አያውቅም። መጀመሪያ የሚነካው ከመሐል ወጣ ያለው እይታ ነው። አንዱ ዓይን ያጣውን ሌላኛው ይሸፍንለታል። ከዚያም በላይ አንጎላችን ክፍተቱን በአካባቢው ባለው ነገር ይሞላዋል። ግድግዳ ከሆነ በግድግዳ፣ ሰማይ ከሆነ በሰማይ። ፖስተሮች ላይ የሚለጠፈው በጥቁር ክብ የተከበበ ሥዕል ራሱ ያሳስታል፤ አብዛኛው ታማሚ ጥቁር ነገር አያይም። ምንም የጎደለ አይመስለውም። መሐሉ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ሊቆይ ስለሚችል ያነባል፣ ስልኩን ያያል፣ የሰው ፊት ይለያል። «ፊደሉን አንብቤያለሁ፣ ዓይኔ ሰላም ነው» የሚል ሰው የተመረመረው መሐሉን ብቻ ነው።

አባቴ እንደዚያ ነበሩ። በር ሲያልፉ ግራ ትከሻቸው ይጋጭ ነበር። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» እንላቸዋለን። የቸኮሉ ነበር የመሰለን። ሐኪም ቤት የሄዱት የማንበቢያ መነጽር ለመቀየር ነው። የግድግዳውን ፊደል እስከ ታችኛው መስመር አነበቡት። ከዚያ ሐኪሟ ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው አስሸፈነቻቸውና «አባቴ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ፤ ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ» አለቻቸው። ጣቷን ከግራ በኩል ቀስ እያደረገች ወደ መሐል አመጣችው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አየዋለሁ። ጆሮዋ ጋ ደረሰ። ዝም አሉ። ጉንጯን ሊነካ ሲል «አሁን» አሉ። እኚህ ሰው አንድም ቀን «ዓይኔን አመመኝ» ብለው አያውቁም።

ስብሰባው ላይ ሌላ ሰው ተነስቶ የትኛው ቅድመ ምርመራ እንደሚጠቅም የሚገመግመው የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 የግላኮማ ቅድመ ምርመራን አልደገፈም ብሎ ተከራከረ። ሰነዱ የሚለው ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ ስለመመርመር ጥቅሙንና ጉዳቱን ለመመዘን ያለው ማስረጃ በቂ አይደለም ነው። «ማስረጃው አልበቃም» እና «አትመርምሩ» አንድ ናቸው እንዴ? ሁሉም ሰው በየዓመቱ ይመርመር ወይ በሚለው ባለሙያዎች ይለያያሉ፤ ይህን እቀበላለሁ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በተለይ ደግሞ አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው መታየት እንዳለበት ግን ሊያከራክረን አይገባም። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውም ከሌሎች ይበልጥ ይጠቃሉ። የሩቁን በደንብ የማያይ ሰውም እንዲሁ። ለማሳከክ ተብሎ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለወራት የሚጨመር የስቴሮይድ ጠብታ ራሱ ግፊቱን ሊያንረው ይችላል። ይህን የሚያደርጉ ጤነኛ ነን ባዮች በዙሪያችን ስንት ናቸው?

ቀድሞ መድረስ ዋጋ የለውም የሚል ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ጥናት ይመልከት። የዓይን ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና ጉዳት ያልደረሰባቸው ከ1,600 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነው። በ5 ዓመት ውስጥ ግፊት የሚቀንስ ጠብታ ካልተሰጣቸው 9.5 በመቶው ግላኮማ ያዛቸው፤ ከተሰጣቸው 4.4 በመቶው። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። በጠብታ!

ምርመራው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። ግፊቱ ይለካል፣ ነርቩ በመሣሪያ ይታያል፣ ካጠራጠረ ከመሐል ወጣ ያለውን ምን ያህል እንደምናይ የሚለካው የእይታ መስክ ምርመራ ይጨመራል። ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ግፊቱ ልክ ሆኖ ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለና። ነርቩን የሚያይ ሐኪም ያስፈልጋል።

ከአባቴ በኋላ እኛ ልጆቹ ሁላችንም ተመረመርን። ታላቅ እህቴ 44 ዓመቷ ነው። የሩቁንም የቅርቡንም ጥርት አድርጋ ታያለች። ነርቧ ግን መጎዳት ጀምሮ ተገኘ፤ አሁን በየማታው ጠብታዋን ታደርጋለች። በእኛ ኃላፊ አነጋገር እሷ ማሰለፍ የማያስፈልጋት ጤነኛ ነበረች። ምርመራው ከመጪው ዙር በፊት ወደ ዝርዝሩ እንዲመለስ የሠራተኛ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሬያለሁ። ያን ዕለት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ወደነበሩትም እየዞርኩ ነው።