ደብል ብል ጣጣ፣ ባልል ጣጣ

ብሪጅ የሚሉት፣ ሁለት ለሁለት የሚገጥሙበት የካርታ ጨዋታ አቃጠለኝ! አጋሬ ጨረታውን በአንድ ኸርት ከፈተ፣ ተጋጣሚዎቻችን እየተሟሟቱ አራት ስፔድ ደረሱ (ስፔድን አዛዥ አድርገን አሥር ዙር እናሸንፋለን ማለታቸው ነው)፣ እኔ ደግሞ ከነኩዊኗ አራት የስፔድ ካርታ ታቅፌ ዝም ልበል? «አትችሉም፣ ሽልማቱም ቅጣቱም ይጨመር» የሚሉባትን ቀይዋን የደብል ካርድ መዘዝኩ። ለካ ሰውዬው የከፈተው በ11 የካርታ ነጥብ ብቻ፣ ያውም በማይረባ እጅ ኖሯል! ሁለት ዙር ያሸንፋል ብዬ የቆጠርኩለት እኔ ነኝ ሞኙ። ይባስ ብሎ ባለጋራው ደብሌን ሲሰማ ኩዊኗ እኔ ጋ እንዳለች ገባውና አጥምዶ ያዛት። ቨልነረብል (ሽልማቱም ቅጣቱም የሚከብድበት ተራ ላይ) ስለነበሩ 620 የሚሆነው ነጥብ 790 ሆነላቸው።

ባለፈው ሳምንት ግን ፈርቼ ዝም አልኩ። ተጋጣሚዎቻችን ካሉት ሦስት ዙር ጎደለባቸው፣ እኛ 300 ብቻ ለቀምን። ይኸው አጋሬ «ደብል ብትል እኮ 800 ነበር» እያለ እስካሁን ይነዘንዘኛል። እሱ ራሱ ለምን አላለም?